ያመለጠችኝ 7

ከዓመታት በኋላ ለፈተና ስዘጋጅ፣ ክፍልፋዮችን ማባዛት ከሁሉ የሚቀልል መስሎኝ ነበር። ላዕልን (የላይኛውን ቁጥር) በላዕል፣ ታህትን (የታችኛውን ቁጥር) በታህት ማባዛት ነው፤ እንደ መደመር የጋራ ታህት መፈለግ የለበትም።

35/48 × 36/49 ገጠመኝ። አባዛሁና 1260/2352 አገኘሁ። ከዚያ ማቃለል ጀመርኩ፤ ለ2 ሳካፍል 630/1176፣ እንደገና ለ2 ሳካፍል 315/588፣ ለ3 ሳካፍል 105/196 ሆነ። ከዚህ በኋላ ለ2ም፣ ለ3ም፣ ለ5ም ሞክሬ ሁለቱም አብረው አልካፈል ሲሉኝ፣ አለቀ ብዬ መልሱን ጻፍኩ። አላለቀም ነበር። ሁለቱም ለ7 ይካፈላሉ፤ መልሱ 15/28 ነው።

የቆጨኝ 7 ከመጀመሪያው ፊት ለፊቴ የነበረች መሆኗ ነው። 35 ማለት 5 × 7፣ 49 ማለት ደግሞ 7 × 7 ነው። እኔው አባዝቼ በትላልቅ ቁጥሮች ውስጥ ደበቅኋት፤ ከዚያ ፍለጋ ገባሁ። ከማባዛቴ በፊት 35ን እና 49ን ለ7፣ 36ን እና 48ን ለ12 አካፍዬ ቢሆን ኖሮ የሚቀረኝ 5/4 × 3/7 ብቻ ነበር።

ግን ይህ ከማባዛት በፊት ማካፈል፣ ማለትም መሰረዝ፣ ለምን ይቻላል? ሕጉን መሸምደድ አላረካኝም። ወረቀት አንሥቼ 2/3 × 3/4ን በሥዕል አየሁት። አንድ አራት ማዕዘን ለአራት እኩል ከፍዬ ሦስቱን ክፍሎች ቀለም ቀባሁ፤ ይህ 3/4 ነው። የዚህ 2/3 ይወሰድ ሲባል፣ ከተቀቡት ሦስት ክፍሎች ሁለቱን ማንሣት ብቻ ነው። ከአራቱ ሁለቱ፣ ማለትም ግማሽ። 3 ከ3 ጋር ተሰረዘ የምንለው ይህንኑ ነው! ያን ሥዕል ካየሁ ወዲህ መሰረዝ ድግምት መምሰሉ ቀረ።

መሰረዙ ሲጥመኝ ደግሞ ያለ ቦታው ተጠቀምኩበት። በ4/5 × 8/9 ላይ 4ን እና 8ን ለ4 አካፍዬ 2/45 አልኩ። ሁለቱም ግን ላዕሎች ናቸው። ከላይ ሁለት ጊዜ ለ4 አካፍዬ ከታች ምንም ስላላካፈልኩ፣ መልሴ የትክክለኛው መልስ፣ ማለትም የ32/45፣ አንድ አሥራ ስድስተኛ ብቻ ሆነ። አንዱ ከላይ ከሆነ ሌላው ከታች መሆን አለበት። በክፍልፋዮቹ መካከል ያለው ምልክት መደመር ከሆነ ደግሞ እንዲህ ያለው መሰረዝ ጨርሶ አይሠራም።

በድብልቅ ቁጥሮችም ተሳስቻለሁ። 2 1/4 × 1 1/3ን ሙሉውን በሙሉ፣ ክፍልፋዩን በክፍልፋይ አባዝቼ 2 1/12 አገኘሁ። ያነቃኝ የመልሱ ማነስ ነው፤ 2 1/4 ከ1 በሚበልጥ ቁጥር ተባዝቶ እንዴት ይቀንሳል? 9/4 × 4/3 ብዬ ስጽፈው 4 ከ4 ጋር ተሰረዘ፣ 9 ለ3 ተካፈለ፤ መልሱ ድፍን 3 ሆነ።