አደይ አበባን ከዘር ማብቀል፦ ጎንደር ላይ የሠራልን አካሄድ

አደይ አበባ ውኃ ሳይጠጣ የጎንደርን በጋ የሚያልፈው ዘር ሆኖ ነው። በክረምት ይበቅላል፣ መስከረም ያብባል፣ ዝናቡ ሲያባራ ዘሩን አራግፎ ይደርቃል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለው ዘሩ ላይ ነው።

ቢጫው ረግፎ የአበባው ራስ ሲጠቁር በአውራ ጣት እሹት፤ ዘሩ በቀላሉ ከለቀቀ ደርሷል። አረንጓዴ ሳለ የተለቀመ ይጨማደዳል፣ አይበቅልም። ዘሩ ጠፍጣፋና ክንፋም ስለሆነ ነፋስ ሳይነሳ በጠዋት ልቀሙት። ሳምንት ያህል ጥላ ላይ አስጥታችሁ በጨርቅ ከረጢት አስቀምጡ፤ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል።

ቦታው ፀሐይ የሚውልበት ይሁን። ተዳፋት ላይ ያለ ድንጋያማ ቀይ አፈር በጣም ይስማማዋል። ወደ ደምቢያ የሚገኘው ዋልካ፣ ማለትም ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ ግን ሐምሌ ላይ ውኃ ስለሚቋጥር ሥሩ ይበሰብሳል፤ እዚያ መደቡን 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ግድ ነው። ፍግም ዩሪያም አታስነኩት። ቅጠሉ ይበዛል፣ ግንዱ ይለሰልሳል፣ የነሐሴ ዝናብ መሬት ላይ ያስተኛዋል።

የምንዘራው ሰኔ አጋማሽ፣ አፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ሲርስ ነው። ለ2 ካሬ ሜትር ግማሽ የቡና ስኒ ዘር ከሁለት ስኒ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ መበተን ይበቃል፤ አሸዋው ዘሩ አንድ ቦታ እንዳይከመር ይረዳል። አፈሩን ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ አታልብሱት። ተዳፋት ከሆነ ስስ የጤፍ ጭድ ጣል አድርጉበት፣ አለዚያ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ዘሩን ጠራርጎ ይወስደዋል።

ብዙ ችግኝ የሚያልቀው ሐምሌ ላይ፣ በአረም ነቃዮች እጅ ነው። መጭ ከሚባለው አረም ጋር ይምታታል፤ ሁለቱም የኑግ ዘመዶች ናቸው። መለያው ቅጠሉ ነው፦ የመጭ ቅጠል ያልተከፋፈለ ሲሆን የአደይ አበባ ግን በቀጭን በቀጭኑ የተሰነጣጠቀ ነው። ይህን ሳታሳዩ አራሚ አታሰማሩ። ችግኙ ጠንከር ሲል በመካከሉ 20 ሴንቲ ሜትር እየተዋችሁ አሳሱት።

ለእንቁጣጣሽ የሚቆረጠው በመቀስ፣ ከቅርንጫፍ መውጫው በላይ ይሁን፤ ከታች እንደገና ያቆጠቁጣል። ከነሥሩ የተነቀለ ግን ለከርሞ ዘር አይተውም። ቢያንስ ሲሶው ሳይነካ ቆሞ ይድረቅ፤ ግቢውንም ዘሩ ረግፎ እስኪያልቅ አታጭዱ።