ከጥሬ ካካዎ እስከ ቸኮሌት፦ የ3 ዙር ሙከራዬ

ዛሬ ጠዋት አንድ ቸኮሌት ሰበርኩ። ቀጭ አለ። ይህን ድምፅ ለመስማት 4 ወር ፈጅቶብኛል። እናንተም ልትሞክሩት ካሰባችሁ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ሥራዬ የማሽን ጥገና ነው። ቡናዬን ሁልጊዜ ቤት ቆልቼ ነው የምጠጣው። ከጋና የመጣ ጥሬ ካካዎ በኪሎ ሲሸጥ አየሁና፣ ቡና የቆላ ሰው ይሄ አያቅተውም ብዬ 3 ኪሎ አዘዝኩ።

መጀመሪያ ያሳሳተኝ ያው የቡና ልምዴ ነው። ብረት ምጣድ አግዬ እንደ ቡና ቆላሁት። ቡና ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይፈልጋል። ካካዎ ግን ከ120 እስከ 140 ይበቃዋል። የእኔው ውጪው አረረ፣ ውስጡ ጥሬ ቀረ። የተረፈውን ኦቨን ውስጥ በ130 ዲግሪ 25 ደቂቃ አቆየሁት። መጀመሪያ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተ፤ ቆይቶ የቸኮሌት መዓዛ ቤቱን ሞላው። የኮምጣጤው ሽታ የሚመጣው ከእርሻው ነው። ጋና ውስጥ ገበሬው ፍሬውን ከነነጭ ሥጋው በሙዝ ቅጠል ሸፍኖ 6 ቀን ያህል ያብላላዋል። ስኳሩ መጀመሪያ ወደ አልኮል፣ ከዚያ ወደ ኮምጣጤ ይለወጣል። የቸኮሌት ጣዕም መሠረቱ እዚያ ነው የሚጣለው። ያልተብላላ ካካዎ የፈለጋችሁትን ያህል ብትቆሉት ቸኮሌት ቸኮሌት አይልም።

ገለፈቱን መለየት ቀላል ሆነልኝ። ፍሬውን በመዳመጫ ሰባብሬ ሰፌድ ይዤ በረንዳ ወጣሁ። ገለፈቱ ነፋስ ይዞት ሄደ፣ ክኩ ቀረ። ፋብሪካዎቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ በሚንቀጠቀጥ ወንፊት ላይ አየር ገለፈቱን እየሳበ ይወስደዋል።

ክኩን በብሌንደር ፈጨሁት። ሰሊጥ ሲወቀጥ ዘይቱ እንደሚወጣው ሁሉ ካካዎም ቅቤውን አወጣና ዱቄቱ ወደ ሊጥ ተለወጠ። የካካዎ ክክ ግማሹ ያህል ቅቤ ነው። ስኳር ጨምሬ ቀመስኩት። ጣዕሙ ጥሩ ነበር፤ አፍ ውስጥ ግን አሸዋ ነው። ከሥራ ቦታ የማመጣት ማይክሮሜትር አለችኝ። በሁለት ጣት መሀል የምትያዝ መለኪያ ናት፣ የሚሊሜትርን ሺኛ ታነባለች። ለካሁት፤ 90 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ነው)። የፀጉር ውፍረት 70 ያህል ነው። ምላስ ደግሞ ከ30 በላይ የሆነውን ሁሉ ታውቀዋለች። እኔ ስለ ጣዕም ስጨነቅ ነበር፤ ችግሩ የልክ ሆኖ ተገኘ። ለማሽን ሰው ይህ ትልቅ ደስታ ነው፣ የሚለካ ነገር ይስተካከላላ!

ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ይህን የሚፈቱት 5 የብረት ሮለር በላይ በላዩ ደርድረው ነው። እያንዳንዱ ሮለር ከበታቹ ካለው ይፈጥናል። ሊጡ በስስ ንጣፍ ከታች ወደ ላይ እየተሳበ ይወጣል፤ በየክፍተቱም ይጨፈለቃል። መጨረሻ ላይ 20 ማይክሮን ገደማ ይደርሳል። ያንን ማሽን እቤት ማስገባት አይቻልም። ግን ሕንዶች ዶሳ ለሚባለው ስስ ቂጣቸው ሊጥ የሚፈጩበት ትንሽ የድንጋይ ወፍጮ አለ። ሁለት የግራናይት ድንጋዮች በግራናይት መደብ ላይ ይሽከረከራሉ። ሳየው የእናቴ መጅና ወፍጮ ትዝ አለኝ። ሥራው አንድ ነው፤ ይሄኛው ክንድ አይደክመውም።

2ኛው ዙር በውሃ ተበላሸ። ወፍጮውን አጥቤ በፎጣ ብቻ አበስኩት። ለካ ግራናይቱ ውስጥ እርጥበት ቀርቶ ነበር። ፍጭቱ በደንብ ቀጥኖ ሳለ ስኳሩን እንደጨመርኩ ድንገት ጓጎለ፣ ጭቃ ሆነ። ቸኮሌት ውስጥ ያለው ስኳር በቅቤ ተከቦ ደረቅ ሆኖ ነው የሚንሳፈፈው። ጥቂት ውሃ ካገኘ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ያን ዙር በትኩስ ወተት እየበጠበጥን ጠጣነው።

3ኛው ላይ ወፍጮውን 2 ቀን አደረቅሁት። ከመጀመሬ በፊት ድንጋዩን በፀጉር ማድረቂያ አሞቅሁት፤ ቅቤው ቀዝቃዛ ድንጋይ ሲነካ ይረጋልና። 650 ግራም ክክ፣ 300 ግራም ስኳር፣ 50 ግራም የካካዎ ቅቤ። ለዚህች 50 ግራም የሆላንድ ካካዎ አምራቾቹን ቫን ሆተኖችን ማመስገን አለብኝ። ቅቤውን ከካካዎ በማሽን መጭመቅ አምስተርዳም ላይ በ1828 (እ.ኤ.አ.) የተመዘገበ የቫን ሆተኖች ፈጠራ ነው። ከዚያ በፊት ቸኮሌት ይጠጣ ነበር እንጂ እምብዛም አይበላም። በ1847 እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ውስጥ ፍራይ የተባለው ኩባንያ የተጨመቀውን ቅቤ መልሶ ጨመረበትና የሚገመጥ ቸኮሌት ወጣ።

ክኩን እፍኝ በእፍኝ ጨመርኩ። ከ8 ሰዓት በኋላ ማይክሮሜትሯ 45 አለች፣ ከ20 ሰዓት በኋላ 22። እዚያ ላይ ማቆም ይቻል ነበር፤ የኮምጣጤው ሽታ ግን ገና አለ። ክዳኑን ከፍቼ 6 ሰዓት ጨመርኩለት። ፍትጊያው ራሱ ስለሚያሞቀው አሲዱ እየተነነ ይወጣል። ይህን ሥራ ለብቻው የሚሠራ ማሽን ያመጣው ስዊዘርላንዳዊው ሩዶልፍ ሊንት ነው፤ በ1879 በርን ከተማ ውስጥ። ማሽኑን ሳያጠፋ ሄዶ ሲመለስ ነው ያገኘው ይባላል። እውነትም ይሁን ተረት፣ ሌሊቱን ሙሉ የወፍጮውን ድምፅ ስሰማ ላደርኩት ለእኔ የሚታመን ነው። ጠዋት የቀመስኩት ትናንት ማታ ከቀመስኩት ፈጽሞ ሌላ ነበር። ለስልሶ ምላስ ላይ ይፈስሳል።

ቅርጽ ማውጫ ላይ አፍስሼ ፍሪጅ ከተትኩት። በሦስተኛው ቀን ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። ባለቤቴ «ሻግቷል እንዴ?» አለችኝ። አልሻገተም። ቅቤው ነው ላይ ወጥቶ የረጋው።

ይህቺ ክፍል ናት ከሁሉም በላይ ያስተማረችኝ። የካካዎ ቅቤ ሲረጋ 6 ዓይነት አረጋግ አለው። የምንፈልገው 5ኛውን ብቻ ነው። እሱ የሚያብለጨልጭ፣ ቀጭ ብሎ የሚሰበር፣ 34 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ነው። ጣት ላይ ቆይቶ አፍ ውስጥ የሚሟሟው ለዚህ ነው። ከ1ኛው እስከ 4ኛው ያሉት ልፍስፍስ ናቸው፣ ቶሎ ይቀልጣሉ። ዝም ብላችሁ ካቀዘቀዛችሁት ጥሩውም መጥፎውም ተደባልቀው ይረጋሉ።

ጥሩነቱ፣ ነጭ የሆነው መልሶ ይቀልጣል። 48 ዲግሪ አድርሼ የነበረውን ሁሉ አጠፋሁት። ከዚያ እያማሰልኩ ወደ 27 አወረድኩት፤ እዚህ ላይ ጥሩውም መጥፎውም መርጋት ይጀምራል። ቀጥሎ ወደ 31 ተኩል መለስኩት። መጥፎው በዚህ ሙቀት ይቀልጣል፣ 5ኛው ይቀራል። ሁለት ጊዜ ከሽፎብኛል። 33 አልፎ ሲሄድ ጥሩውም ይጠፋና እንደገና ከ48 መጀመር ነው። ፋብሪካ ውስጥ ያለው ማሽን ይህንኑ በቧንቧ ያደርገዋል፤ በዙሪያው ውሃ እየዞረ በየደረጃው ያቀዘቅዘዋል፣ ያሞቀዋል፤ ውስጡ ያለው መፋቂያ ደግሞ ግድግዳው ላይ የረጋውን እየፋቀ ይመልሳል። እኔ ማንኪያና ቴርሞሜትር ነው ያለኝ። ቴርሞሜትሩ ላይ ገንዘብ አትሰስቱ፤ የመጀመሪያው ዲጂታል ያልነበረው መለኪያዬ በ2 ዲግሪ ይሳሳት ነበር፣ እዚህ ሥራ ላይ 2 ዲግሪ ሁሉም ነገር ነው።

መሞከሪያው ቀላል ነው። የቢላ ጫፍ ነክራችሁ ጠረጴዛ ላይ አኑሩት። በ5 ደቂቃ ውስጥ ደርቆ ካበራ፣ ቅርጽ ማውጫው ላይ ለማፍሰስ ደርሷል። ትናንት ማታ 4 ደቂቃ ተኩል ላይ አበራ።

ቀጣዩ የወተት ቸኮሌት ነው። ስዊዘርላንዳዊው ዳንኤል ፔተር ቬቬ ከተማ ላይ በ1875 ሲሠራው ፈተና የሆነበት የወተቱ ውሃ ነው፤ 2ኛ ዙሬን ካየሁ በኋላ በደንብ ገብቶኛል። እኔ የዱቄት ወተት ገዝቻለሁ። ወፍጮውን ግን ትናንት ነው ያጠብኩት፣ እስከ ነገ ማታ አልነካውም።