የደበዘዘ መብራት፣ የሚዋልል መሪ

የቆየ ኮሮላ ያለው ሰው መብራቱ ሲደበዝዝ አምፖል ይገዛል፣ መሪው ሲዋልል አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ያሠራል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሁለቱም ጋ አይደለም። ጅማ ላይ ዝናቡ የዓመቱን ግማሽ አልፎ ይሄዳል፤ እርጥበቱና ጭቃው ቀድመው የሚበሉት የሽቦ መጋጠሚያና የእግር ጎሚኒ (ጎማውን በያዙት ብረቶች መጋጠሚያ ላይ የሚገባው ላስቲክ) ነው።

ከመብራቱ እንጀምር። ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያዙ። ያደረ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ተነስቶ፣ መብራት በርቶ፣ ትንሽ ነዳጅ ሲሰጠው ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 መነበብ አለበት፤ ካነሰ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞና የሚያዞረውን ቺንጊያ ተመልከቱ። ይህ ደህና ከሆነ የቴስተሩን ጫፎች ከአምፖሉ ሶኬት ጀርባ አስገብታችሁ፣ መብራቱ እንደበራ ለኩ። ከባትሪው ከግማሽ ቮልት በላይ ካነሰ መሀል ላይ የሚበላው ነገር አለ። ቮልቱ በ10 በመቶ ሲወርድ የሃሎጅን አምፖል ብርሃን በ30 በመቶ ገደማ ስለሚወርድ፣ «12 ቮልት ደርሶታል» ተብሎ አይታለፍም።

መጀመሪያ ኔጋቲቩ ከቦዲው ጋር የታሰረበትን ብሎን ፍቱ። ቀለሙንና ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፍቁት፣ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ግራሶውን ከታሰረ በኋላ ከላይ ቀቡ።

ካልተስተካከለ ተጠያቂው ያረጀው ማብሪያ ነው። የሁለቱ ባለ 55 ዋት አምፖሎች 9 አምፔር ገደማ በዚያ በተቃጠለ መገናኛ ውስጥ ያልፋል። ሁለት ባለ 30 አምፔር ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን የሚያስተላልፍ ማብሪያ)፣ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ሁለት የ15 አምፔር ፊውዝ ከነቤቱ እና ሁለት አዲስ የኤች 4 (አጭርና ረዥም መብራትን በአንድ የያዘው አምፖል) ሶኬት ግዙ። ብዙ የቆዩ ቶዮታዎች መብራቱን የሚያበሩት በኔጋቲቩ በኩል ነው፤ እንደሌላው መኪና በፖዘቲቭ አስቦ የጀመረ ኤሌክትሪሺያን ግማሽ ቀን ይደክማል። መውጫው ቀላል ነው፦ ከአሮጌዎቹ ሶኬቶች የአንዱን ሽቦዎች ብቻ ተጠቀሙ። የጋራውን ሽቦ በሁለቱም ሪሌ 85 የሚል ቁጥር ላለው ጫፍ፣ የአጭሩን መብራት ለአንዱ 86፣ የረዥሙን ለሌላው 86 ስጡ። ሪሌው ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ከሌለው ማብሪያው በየትኛውም በኩል ቢሠራ ይስባል። 30 በፊውዝ በኩል ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ 87 ወደ አዲሶቹ ሶኬቶች፣ የሶኬቶቹ የጋራ ጫፍ ወደ ቦዲ ይሄዳል። ፊውዙ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር አይራቅ። ይህን ሳይሠሩ ባለ 100 ዋት አምፖል መክተት ማብሪያውንና ሶኬቱን ማቅለጥ ነው።

ወደ መሪው። ከ80 እስከ 100 ኪሎሜትር ፍጥነት ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ለባላንስ ከመክፈላችሁ በፊት የቸርኬውን የውስጥ ጎን እዩ፤ ከገጠር መንገድ የመጣ የደረቀ ጭቃ አንድ ወገን ተለጥፎ ብቻውን ጎማ ያንቀጠቅጣል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ የሚዋልል ከሆነ ግን የጎማውን ንፋስ በር ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩና ወደ እግሩ ውረዱ።

የፊቱን በክሪክ አንሱ፣ ድጋፍ አስገቡበት፤ ክሪክ ብቻ የያዘው መኪና ሥር አይገባም። ጎማውን ግራና ቀኝ ጎኑን ይዛችሁ ስትነቀንቁ ከተጫወተ ታይሮድ (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ) ነው። ላይና ታቹን ይዛችሁ ከተጫወተ ቦል ጆይንት (እግሩ የሚታጠፍበት ክብ መጋጠሚያ) ወይም ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት) ነው፤ ሌላ ሰው ፍሬን ሲረግጥ ጨዋታው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። የታይሮድ ጫፍ ስትፈቱ ስንት ዙር እንደወጣ ቁጠሩ፣ አዲሱንም በዚያው ዙር መልሱት፤ አላይመንት እስኪሠራ ድረስ መኪናው ይነዳል።

ጎሚኒ ላይ ብዙ ጋራዥ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑን አጥብቀው ይጨርሳሉ። መኪናው ሲወርድ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀራል፣ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል። ብሎኑን በላላው አስገብታችሁ፣ መኪናውን በአራት ጎማ አቁማችሁ፣ ከዚያ አጥብቁ። ሾክ አብዞርበር ዘይት ካለቀሰ ግራና ቀኙ አብረው ይቀየሩ። አላይመንት የሚሠራው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ በተበላ ጎሚኒ ላይ የተሠራ አላይመንት እስከ ቀጣዩ ጉድጓድ ድረስ ነው።

የመብራቱን አቅጣጫ ማስተካከልም መጨረሻ ይሁን፤ የወደቀ ስፕሪንግ ብርሃኑን ይዞት ይሄዳል። ሹፌሩ ተቀምጦ፣ ጎማው በትክክል ተነፍቶ፣ መኪናውን ከግድግዳ 5 ሜትር አርቃችሁ በሜዳ ላይ አቁሙ። የአምፖሉን መሀል ቁመት ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ፤ የአጭሩ መብራት የላይ ጠርዝ ከዚያ 5 ሴንቲሜትር ዝቅ ይበል። ከኋላ የቡና ጆንያ የሚጭን መኪና አፍንጫው ስለሚነሳ ጭኖ መለካት አለበት። ጠርዙ ወደ ግራ የሚነሳ ከሆነ ግን በማስተካከያው ብሎን አትድከሙ፦ በመንገዱ ግራ በኩል ለሚነዳ አገር የተሠራ መብራት ነው፣ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይወጋል፣ ሙሉው መቀየር አለበት።