የቤት ቴአትር ሪሲቨር ምርጫ፦ ምስል የማሳደጉን ሥራ ለማን እንስጥ?

ሳሎናቸውን ወደ አነስተኛ ሲኒማ ቤት መለወጥ የሚፈልጉ ወዳጆቼ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁኝ «ዝቅተኛ ጥራት ያለውን ምስል አጥርቶ ወደ 4ኬ የሚያሳድገው የትኛው ሪሲቨር ነው?» ብለው ነው። እዚህ ላይ የምናወራው ከዲሽ ጋር ስለሚገጠመው ሪሲቨር ሳይሆን፣ ድምፅን አጉልቶ ለአምስትና ከዚያም በላይ ለሆኑ ስፒከሮች ስለሚያከፋፍለው፣ የዲቪዲውን፣ የጌሙንና የዲሹን ገመድ ሰብስቦም ወደ ቴሌቪዥን ስለሚልከው ከባድ መሣሪያ ነው። የእኔ አቋም ጠያቂዎቼን ሁልጊዜ አያስደስትም። ዛሬ እንዲህ ያለ ሪሲቨር መመረጥ ያለበት በድምፁ ጥራትና የመጣለትን ምስል ሳይነካ በማሳለፍ ችሎታው ነው፤ ምስል የማሳደጉ ሥራ፣ በተለምዶ አፕስኬሊንግ የሚባለው፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ለቴሌቪዥኑ ቢተው ይሻላል። ከእነዚያ ጥቂት ሁኔታዎች ዋነኛው ግን በብዙዎቻችን ቤት የሚገኝ ነው፤ በካሴት፣ በቪሲዲና በዲቪዲ የተቀመጡ የሠርግ ቀረጻዎችና የድሮ ፊልሞች አሉንና።

የሥራውን ክብደት ለመረዳት ቁጥሮቹን ማየት ይበቃል። አገራችን በተጠቀመችበት የፓል የቴሌቪዥን ሥርዓት የተዘጋጀ ዲቪዲ በአንድ ምስል 720 በ576፣ ማለትም 414,720 ፒክሰሎች (የምስል ነጥቦች) ይይዛል። የ4ኬ ቴሌቪዥን ስክሪን ደግሞ 3840 በ2160፣ ማለትም 8,294,400 ፒክሰሎች አሉት፤ ይህም ልክ ሃያ እጥፍ ነው። እንግዲህ ስክሪኑ ላይ ከምናያቸው ሃያ ነጥቦች መካከል ከዲስኩ የመጣው አንዱ ብቻ ሲሆን፣ አሥራ ዘጠኙ በስሌት የተሞሉ ናቸው። 352 በ288 ለሆነው ቪሲዲ ልዩነቱ ከሰማንያ እጥፍ ያልፋል፤ ለ1080ፒ ግን አራት እጥፍ ብቻ ስለሆነ አብዛኛው ዘመናዊ መሣሪያ ያለ ችግር ይወጣዋል። ካሜራው ያልቀረጸውን ዝርዝር መልሶ የሚያመጣ ስሌት የለም። የጥሩ አሳዳጊ ሥራ የመስመሮችን ጠርዝ ሳያቆራርጥ ማለስለስ፣ በፊደላትና በሰው ገጽታ ዙሪያ ነጭ ጥላ አለመፍጠር፣ በቀረጻው ውስጥ ያለውን ብናኝም (ኖይዝ የሚባለውን) አብሮ አለማጉላት ነው።

በእኔ አስተያየት ጥሩውን መሣሪያ ከመጥፎው የሚለየው ከማሳደጉ በፊት ያለው ደረጃ ሲሆን፣ ሻጮች ብዙም አያነሱትም። የድሮው የቴሌቪዥንና የቪዲዮ ካሜራ ሥርዓት በሰከንድ 25 ሙሉ ምስል ሳይሆን 50 ግማሽ ምስል ይቀርጻል፤ አንዱ ግማሽ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች፣ ቀጣዩ ሙሉ ቁጥር ያላቸውን ይይዛል። የዛሬ ጠፍጣፋ ስክሪን ግን ሙሉ ምስል ብቻ ስለሚያሳይ ሁለቱ ግማሾች መጋጠም አለባቸው። በመካከላቸው የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ልዩነት ስላለ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲኖር ዝም ብለው ቢገጣጠሙ ጠርዙ ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ ነገር ይወጣል። ለዚህ ከእስክስታ የከበደ ፈተና አላውቅም፤ ትከሻው ሲርገፈገፍ፣ የሐበሻ ቀሚሱ ጥለት ሲወዛወዝ፣ ደካማ መሣሪያ ወዲያውኑ ይጋለጣል። ቀላሉ መፍትሔ እያንዳንዱን ግማሽ ለብቻው ለጥጦ ማሳየት ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ሲደረግ ግማሹ ዝርዝር ይጠፋል፣ የቆሙ መስመሮችም ይንቀጠቀጣሉ። የተሻለው መሣሪያ የስክሪኑን እያንዳንዱን ክፍል መርምሮ የቆመውን ይገጣጥማል፤ የሚንቀሳቀሰውን ብቻ በስሌት ይሞላል። በሰከንድ 24 ምስል በሚቀርጽ የሲኒማ ካሜራ ተሠርቶ ለፓል ወደ 25 የተፋጠነ ፊልም ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ግማሾች ከአንድ ቅጽበት ስለሚመነጩ ያለ ምንም ኪሳራ ይገጣጠማሉ፤ መሣሪያው ግን ይህን ለይቶ ማወቅ አለበት። ቪሲዲ በዚህ ረገድ ችግር የለበትም፤ የሱ ሕመም ምስሉ በሰከንድ ወደ 1,150 ኪሎቢት ተጨምቆ በመቀመጡ የሚታዩት አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ናቸው፤ እነሱን ደግሞ የሚያለዝበው የብናኝ መቀነሻ ነው።

የሪሲቨር ምስል ማሳደጊያ ይህን ያህል ዝና ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ምስልና ድምፅን በአንድ ገመድ የሚያሳልፈው የኤችዲኤምአይ የመጀመሪያ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት የብዙ ቴሌቪዥኖች ማቀነባበሪያ ደካማ ስለነበር፣ እንደ ኦንክዮና ዴኖን ያሉ አምራቾች በከፍተኛ ሞዴሎቻቸው ውስጥ ኤችኪውቪ ሪዮን፣ አንከር ቤይ፣ ኪውዲኦ የሚባሉ ለምስል ብቻ የተሠሩ ቺፖችን ያስገቡ ነበር። በዚያ ዘመን የተጻፉ ግምገማዎች ሪሲቨርን በምስሉ ያወዳድሩ የነበረው ለዚህ ነው፤ ዛሬም እነሱን አንብቦ ወደ ገበያ የሚወጣ ሰው አያለሁ። ሁኔታው ግን ተገልብጧል። 4ኬ ቴሌቪዥን የመጣለትን ማንኛውንም ዝቅተኛ ምስል ስክሪኑን እስኪሞላ ድረስ ማሳደግ ግዴታው ስለሆነ፣ የቴሌቪዥን አምራቾች ለዚህ ሥራ ጠንካራ ማቀነባበሪያ ይሠራሉ። ሪሲቨሩ ቀድሞ አሳድጎ ከላከው ደግሞ ቴሌቪዥኑ የሚያየው የተዘጋጀ 4ኬ ምስል ስለሆነ የመነሻውን ጥራት ማወቅ አይችልም፤ የራሱን የተሻለ መሣሪያም ሊጠቀም አይችልም።

ከዚህም በላይ የብዙዎቻችን ምስል ሪሲቨሩን ጨርሶ አይነካውም። ዩቲዩብን ቴሌቪዥኑ ውስጥ ካለው አፕ የሚከፍት ሰው ምስሉን እዚያው ያያል፤ ወደ ሪሲቨሩ የሚመለሰው በኤአርሲ (ARC)፣ ማለትም ድምፅን ከቴሌቪዥን በኤችዲኤምአይ ገመድ በሚመልሰው መንገድ፣ ወይም በአዲሱ ስሪቱ በኢአርሲ (eARC) በኩል የሚሄደው ድምፅ ብቻ ነው። ከውጭ የሚገጠም አንድሮይድ ቦክስም ቢሆን 4ኬ እንዲያወጣ ከተደረገ ያንን በ360ፒ የተጫነ የድሮ ድራማ ራሱ አሳድጎ ስለሚልከው ለሪሲቨሩ የሚተርፍ ሥራ የለም። እንዲህ ላለው ተመልካች ለአፕስኬሊንግ ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ትርፉ ኪሳራ ነው።

ወደ ካሴቱ ስንመለስ ነገሩ ይለያል። አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ጫፍ ያለውን የኤቪ ገመድ መቀበያ እየቀነሱ ሲሆን፣ ብዙዎቹ አዳዲስ ሪሲቨሮችም ከዚያ መቀበያ የመጣውን ምስል ወደ ኤችዲኤምአይ መለወጥ ትተዋል። በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ በርካሽ የሚሸጡት «1080ፒ» የሚል የተጻፈባቸው ትንንሽ መቀየሪያዎች የግማሽ ምስሎቹን ማጋጠም በአብዛኛው በቀላሉ መንገድ ስለሚሠሩት ውጤታቸው ያሳዝናል። እነዚያ ከላይ የጠቀስኳቸው ቺፖች ያሉበት ያገለገለ ሪሲቨር ደህና ሆኖ ከተገኘ ለዚህ ሥራ አሁንም ዋጋ አለው። እኔ ግን ካሴቱን አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ወደ ኮምፒዩተር ማስገባትን እመርጣለሁ። ቀረጻው በ576 መስመር፣ በ50 ግማሽ ምስል ሳይነካ ይቀመጥ፤ ከዚያ ኪውቲጂኤምሲ በሚባለው ነፃ መሣሪያ ወደ 50 ሙሉ ምስል ይለወጥ። ኮምፒዩተሩ እንደ ቴሌቪዥኑ በቅጽበት መጨረስ ስለማይጠበቅበት ለአንድ ካሴት ሌሊቱን ሙሉ ሊሠራ ይችላል፤ የጥራቱም ምንጭ ይህ ነው። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ እናጠራለን የሚሉትን ፕሮግራሞች በተመለከተ ለሕንፃና ለመልክዓ ምድር አልቃወምም፤ ለሰው ፊት ግን አልወዳቸውም። የደበዘዘ የአያት ፊት ላይ የሌላ ሴት ቆዳና ዐይን ሲለጥፉ አይቻለሁ፤ እኔ የደበዘዘውን እመርጣለሁ።

ታዲያ ሪሲቨሩ በምን ይመረጥ? በማስታወቂያ ላይ ያለውን የዋት ቁጥር በጥርጣሬ ማየት ይገባል። «150 ዋት» የሚለው አንድ ቻናል ብቻ፣ በ1 ኪሎኸርዝ (በአንድ የድምፅ ቅጥነት ብቻ)፣ በ6 ኦም የስፒከር መቋቋም፣ 10 በመቶ መዛባት ተፈቅዶ የተለካ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ቻናል ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ በ8 ኦም ሲለካ 80 የሚለው ቁጥር ከሱ የበለጠ ሐቀኛ ነው፤ ለተለመደ ሳሎንም ይበቃል። ቀጥሎ የክፍል ማስተካከያውን እመለከታለሁ፤ ኦዲሲም ይሁን ዲራክ፣ ከሪሲቨሩ ጋር በሚመጣው ማይክሮፎን የክፍሉን ድምፅ ለክቶ ስፒከሮቹን ያጣጥማል። ሴራሚክ ወለልና ባዶ ግድግዳ የሚፈጥሩትን ማስተጋባት ግን ሊያጠፋው አይችልም፤ ለዚያ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ያስፈልጋል። ኢአርሲ ቢኖረው ከቴሌቪዥኑ የሚመለሰው ድምፅ ሳይጨመቅ ሊደርስ ይችላል። ኤችዲኤምአይ 2.1 በእውነት የሚያስፈልገው በሰከንድ 120 ምስል በ4ኬ ለሚጫወት ጌመኛ ነው፤ ለፊልም የ2.0 በሰከንድ 18 ጊጋቢት ይበቃል። ፊልም የሚያይ ሰው ማረጋገጥ ያለበት ዶልቢ ቪዥንና ኤችዲአር10 የሚባሉት የምስሉን ብርሃንና ቀለም የሚያሰፉ ደረጃዎች ሳይጎድሉ ማለፋቸውን ነው።

ከውጭ ለሚያስመጣ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ነገር አለ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ሪሲቨር በአብዛኛው 120 ቮልት ብቻ የሚቀበል ስለሆነ፣ ዘመድ ከዋሽንግተን በሻንጣ ያመጣውን እንዳለ በእኛ 220 ቮልት ላይ መሰካት ማቃጠል ነው። ከጀርባው የተጻፈውን ማንበብ፣ የግድ ከሆነም ከሚፈጀው ዋት በደንብ የሚበልጥ የመቀነሻ ትራንስፎርመር መግዛት ያስፈልጋል። ለአውሮፓ ወይም ለዱባይ ገበያ የተሠራው ይህ ችግር የለበትም፤ ስታቢላይዘር ግን ለሁሉም ያስፈልጋል።

ዕቃው ከተገጠመ በኋላ የሪሲቨሩ የምስል ማቀነባበሪያ ይጥፋ፤ ዲቪዲ ማጫወቻውም የሚፈቅድ ከሆነ ምስሉን በ576 መስመር እንዳለ ያውጣ። በቴሌቪዥኑ ላይ የሻርፕነሱ ቁጥር ዝቅ ይበል፤ ጠርዙን የሚቆርጠው ኦቨርስካንም ይዘጋ፤ 4 በ3 የሆነው የድሮ ምስልም ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቅር፣ ተለጥጦ ሰው ሁሉ ከሚወፍር። ከዚያ አንድ የእስክስታ ቀረጻና ከሥሩ ጽሑፍ የሚሮጥበት የዜና ቅጂ አንድ ጊዜ በሪሲቨሩ፣ አንድ ጊዜ በቴሌቪዥኑ አሳድጎ ከተለመደው መቀመጫ ላይ ማወዳደር ነው። ፊደሎቹ ሳይቆራረጡ የሚያልፉበትን ይያዙ። ከዚያ ርቀት ልዩነት ካልታየዎት ደግሞ ርካሹን ሪሲቨር ወስደው የተረፈውን ገንዘብ ለመሐለኛው ስፒከር ያውሉት፤ የፊልም ንግግር በአብዛኛው የሚወጣው ከሱ ነው።