የሞቱትና በሕይወት የቀሩት፦ ስለ ዘጠናዎቹ የራፕ ትውልድ

ትናንት ማታ ከእህቴ ልጅ ጋር ስለ ዘጠናዎቹ ራፐሮች ስንከራከር አመሸን። እሱ የተወለደው ቱፓክ ሻኩር ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ እኔ ደግሞ የቱፓክ ፎቶ በአዲስ አበባ ሚኒባሶች መስታወትና በፀጉር አስተካካዮች ግድግዳ ላይ ተለጥፎ በነበረበት ዘመን ያደግሁ ነኝ። ያቀረበልኝ ሙግት ቀላል አልነበረም። «እትዬ፣ እናንተ ቱፓክንና ቢጊን የምታነግሷቸው ስለሞቱ ነው። ቢኖሩ ኖሮ እንደሌሎቹ አርጅተው፣ ደካማ አልበም አውጥተው ታዩዋቸው ነበር» አለኝ። ከንግግሩ ግማሹ እውነት ስለመሰለኝ፣ ያንን ግማሽ እስከ መጨረሻው ተከትዬ ማየት ፈለግሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

ቱፓክ በላስ ቬጋስ በጥይት ተመትቶ በ1996 በሴፕቴምበር ወር ሲሞት 25 ዓመቱ ነበር። ቢጊ፣ በሙሉ ስሙ ክሪስቶፈር ዋላስ፣ ከስድስት ወር በኋላ በሎስ አንጀለስ ሲገደል ገና 24 ዓመቱ ነበር። ሁለቱ ቀድሞ ወዳጆች ነበሩ፤ ቱፓክ በ1994 መጨረሻ ማንሃተን ውስጥ በአንድ የሙዚቃ ስቱዲዮ ደጃፍ ከተተኮሰበት በኋላ ግን ጥርጣሬ ገባ፣ ጥርጣሬውም በዘፈን ወጣ፣ ጋዜጦችና መጽሔቶችም የአሜሪካ የምሥራቁና የምዕራቡ ዳርቻ፣ ማለትም የኒው ዮርክና የሎስ አንጀለስ ራፐሮች ጦርነት ብለው አራገቡት። ከሁለቱ ሞት በኋላ ያ አሥር ዓመት በሙሉ በሁለት ሰዎች ፀብ ተጠቅልሎ ቀረ። ዛሬም ክርክር ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቱፓክ ወይስ ቢጊ?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ የበደላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ወደ እነሱ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስለ ቱፓክ የማምንበትን ልናገር።

እናቱ አፌኒ ሻኩር ለጥቁር አሜሪካውያን መብት ይታገል የነበረው የብላክ ፓንተር ፓርቲ አባል ነበረች። ኒው ዮርክ ውስጥ ከሌሎች ሃያ ሰዎች ጋር በሤራ ተከስሳ፣ በእርግዝናዋ ወቅት ታስራ፣ ጠበቃ ሳታቆም ራሷ ተሟግታ በ1971 በሜይ ወር ነፃ ወጣች፤ ልጇን የወለደችው በወሩ ነው። ቱፓክ በባልቲሞር የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ትወናና ግጥም ተምሯል፣ ባሌት ደንሷል። በ1991 ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ ውስጥ፣ ከጋዜጣ ላይ ካነበበው እውነተኛ ወሬ ተነስቶ፣ ልጅ ወልዳ ስለጣለች የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃገረድ ዘፈነ። በ1995 የወጣው «ዲር ማማ» ደግሞ በዕፅ ሱስ የተያዘችን እናት ሳይደብቅና ሳይኮንን የሚያመሰግን ዘፈን ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2010 ሊጠበቁ ከሚገባቸው የአገሪቱ ድምፆች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። እንግዲህ ለእህቴ ልጅ የምለው ይህንን ነው፦ እነዚህን ዘፈኖች የሠራው በሕይወት እያለ ነው፤ ዋጋቸውን ያገኙትም ከሞቱ አይደለም። ቱፓክ በስንኝ ጥበብ ከዘመኑ ሁሉ በላጭ ነበር ብዬ አልከራከርም፤ አልነበረም። የተለየው ቁጣና ኀዘን፣ ጉራና ፍርሃት በአንድ ድምፅ ሊኖሩ እንደሚችሉ በማሳየቱ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት ራፐሮች ስለ እናታቸው፣ ስለ ሞት ፍርሃታቸው፣ ስለ ድክመታቸው ሳያፍሩ መናገር የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። የዚህ ዘመን ራፐር ኬንድሪክ ላማር በ2015 አልበሙን የዘጋው ቱፓክ በ1994 ለስዊድን ሬዲዮ ከሰጠው ቃለ መጠይቅ ድምፁን ወስዶ፣ ሁለቱ ፊት ለፊት እንደተቀመጡ አድርጎ በማነጋገር ነበር።

ነገር ግን ውርሱ ይህ ብቻ አይደለም። «ዲር ማማ» በወጣበት ወር ቱፓክ በአንዲት ሴት ላይ በተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት ጥፋተኛ ተብሎ እስር ተፈርዶበት ነበር። እሱ እስከ መጨረሻው ድርጊቱን ክዷል፤ ፍርዱ ግን በመዝገብ ላይ አለ። «ሚ አጌንስት ዘ ወርልድ» የተሰኘው አልበሙ በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሲወጣ እሱ እስር ቤት ነበር። በሴራሊዮን የእርስ በርስ ጦርነት የቱፓክ ምስል ያለበትን ካናቴራ የለበሱ ወጣት ታጣቂዎች እንደነበሩም ተጽፏል። ለሴቶች ክብር የዘፈነው ሰውና በፍርድ ቤት የተፈረደበት ሰው አንድ ሰው ነው። ሙታንን ስንወድ አንዱን ይዘን ሌላውን መተው ይቀናናል፤ እኔ ግን ሁለቱንም ይዤ መውደድን መርጫለሁ፤ ያለዚያ የምወደው ሰውየውን ሳይሆን ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ፎቶ ይሆናል።

የሞቱ ሰዎች ሌላም ችግር አለባቸው፤ እምቢ ማለት አይችሉም። ቱፓክ ከሞተ በኋላ በስሙ የወጡት አልበሞች በሕይወት እያለ ካወጣቸው ይበዛሉ፤ በብዙዎቹ ውስጥ ድምፁ ካልሰማው ቅንብር፣ ካላወቃቸው ዘፋኞችም ጋር ተገጣጥሟል። በ2024 ራፐሩ ድሬክ ከኬንድሪክ ጋር በነበረው ፀብ የቱፓክን ድምፅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አስመስሎ በዘፈን ሲያወጣ፣ የቱፓክ ወራሾች ክስ እንደሚመሠርቱ አስጠንቅቀው ዘፈኑ እንዲነሳ አድርገዋል። ወራሾቹ ትክክል ነበሩ። ባልተናገረው ቃል ሙት ሰውን ለሌላ ሰው ፀብ ማሰለፍ ክብር ሊባል አይችልም።

ስለ ቢጊ አጠር አድርጌ እናገራለሁ፤ የምወደው ባነሰ መጠን ስለሆነ ሳይሆን ክርክሩ ቀላል ስለሆነ ነው። በሕይወት እያለ ያወጣው የስቱዲዮ አልበም በ1994 የወጣው «ሬዲ ቱ ዳይ» ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ከተገደለ በሁለት ሳምንት ገደማ ወጣ። ከዚህ ትንሽ ሥራ ውስጥ ግን በአንድ ዘፈን የሁለት ሰው ድምፅ እየተናገረ ዝርፊያ የሚያቅድ፣ በሌላው የድህነት ልጅነቱን በፈገግታ የሚተርክ ተራኪ ታገኛለህ። ከባድ ቤት አመታቱን ተራ ወሬ እስኪመስል ድረስ የሚያቀልል ሌላ ራፐር አልሰማሁም።

አሁን በሕይወት ወደ ቀሩት ልምጣ። የኒው ዮርኩ ራፐር ናስ የመጀመሪያ አልበሙን «ኢልማቲክ»ን በኤፕሪል 1994 ሲያወጣ 20 ዓመቱ ነበር፤ አልበሙ አርባ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ያደገበትን የኩዊንስብሪጅ የመኖሪያ ሕንጻዎች ከመስኮት ሆኖ እንደሚመዘግብ ሰው አሰፈራቸው፤ የጃዝ ሙዚቀኛው አባቱ ኦሉ ዳራም በአንዱ ዘፈን ኮርኔት (ትራምፔት መሰል የትንፋሽ መሣሪያ) ተጫውቶለታል። እስከዚያ ድረስ አንድ የራፕ አልበም ባብዛኛው በአንድ አቀናባሪ ወይም በአንድ ቡድን እጅ ይሠራ ነበር፤ ናስ ግን ዲጄ ፕሪሚየርን፣ ፒት ሮክን፣ ኪው ቲፕንና ላርጅ ፕሮፌሰርን በአንድ አልበም ሰበሰበ፤ ይህም በኋላ የተለመደ አሠራር ሆነ። ከዚያ በኋላ የደረሰበት የእህቴን ልጅ ሙግት የሚያጠናክር ነው፤ ያወጣው አልበም ሁሉ ከመጀመሪያው ጋር እየተነጻጸረ ጎደለ ተባለ። በ1996 ሞቶ ቢሆን ኖሮ ማንም ይህን አይለውም ነበር። እሱ ግን ኖረ፣ ተሳሳተ፣ ቀጠለ፣ የመጀመሪያውን የግራሚ ሽልማት በ2021 ተቀበለ። ለእኔ ይህ ትዕግሥት ራሱ የውርሱ አካል ነው፤ አንድ ራፐር ከሃምሳ ዓመቱ ደጃፍ ደርሶ ስለ አባትነትና ስለ ዕድሜ መግጠም እንደሚችል ሙታኑ ሊያሳዩን አልቻሉም።

ከናስ ሥራ ውስጥ እኛን በቀጥታ የሚነካ አንድ ነገር አለ። በ2010 ከሬጌ ዘፋኙ ዳሚያን ማርሊ ጋር ባወጣው አልበም የመክፈቻው ዘፈን የተገነባው በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የተቀዳው ያ ዜማ ለውጭ አቀናባሪዎች ጆሮ በሰፊው የደረሰው የሙላቱ ሥራዎች በ1998 «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ከተሰበሰቡ በኋላ ነው። ዘፈኑን ከፍቼ ለእህቴ ልጅ ባሰማሁት ጊዜ ሙላቱን ወዲያው ለየው፤ ናስን ግን አላወቀውም። በዚያ ቅጽበት ክርክራችን ወደ ውይይት ተለወጠ፤ ከዚያ በኋላ ያወራነው ማን ከማን ምን እንደወሰደ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን የዘፋኟና የራፐሯ የሎሪን ሂል ነገር ነው። በ1998 «ዘ ሚስኤዱኬሽን ኦፍ ሎሪን ሂል»ን ስታወጣ 23 ዓመቷ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በአንድ ምሽት አምስት የግራሚ ሽልማቶችን ወሰደች፤ አልበሟም የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ የተሸለመ የመጀመሪያው የሂፕ ሆፕ ሥራ ሆነ። ሁለተኛው የመጣው በ2004 ነው፤ እሱም የአትላንታው የራፕ ቡድን የአውትካስት ነበር። በአልበሙ ውስጥ፣ ሥራዋን እንድታስቀድም የመከሯትን ሰዎች ትታ ልጇን ለመውለድ ስለመምረጧ የዘፈነችው አለ፤ በዚያ ዘመን ራፕ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል የሚሰማ አልነበረም። አብረዋት የሠሩ አራት ሙዚቀኞች ድርሻችን አልተጻፈልንም ብለው ከስሰዋት በ2001 ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማምተዋል፤ ይህንንም መርሳት አይገባም። ሌላ የስቱዲዮ አልበም ብቻዋን አላወጣችም። ወንድ ራፐር ሞቶ ዝም ሲል ዝምታው ክብር ይሆንለታል፤ እሷ እየኖረች ዝም ብትል ግን ባከነች ይባላል። ይህን ሚዛን አልቀበለውም። ዛሬ በአንድ ዘፈን ውስጥ እየዘፈነ ራፕ የሚያደርግ አርቲስት ሁሉ፣ ያውቀውም አያውቀው፣ በእሷ መንገድ ላይ ነው።

ሚዛኑ ሴቶችን የሚያጎድለው በዚህ ብቻ አይደለም። ራፐሩና አቀናባሪው ዶክተር ድሬ በ1992 ባወጣው «ዘ ክሮኒክ» የሎስ አንጀለስን ድምፅ ለዓለም አስተዋውቋል፤ የሰባዎቹን የፈንክ ዜማዎች ሙዚቀኞች በእጃቸው እንደገና እንዲጫወቱት በማድረግ የሠራው ቅንብር እስከ ዛሬ ይቀዳል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ግን ዲ ባርንስ የተባለችውን የቴሌቪዥን አቅራቢ በግብዣ ላይ ደብድቦ፣ በፍርድ ቤት ክሱን ሳይከራከር ተቀብሎ ተቀጥቷል፤ በ2015 የጎዳቸውን ሴቶች በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ስለ ድሬ ተጽዕኖ የሚጻፉት ረጅም ጽሑፎች ስሟን በአንድ መስመር ሲያልፉ አያለሁ፤ የሙያ ሕይወቷ ከዚያ በኋላ የደረሰበት ጉዳትም የዚያ ዘመን ታሪክ ነው።

የእህቴ ልጅ ዛሬ የሚሰማው ራፕ ባብዛኛው በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ካለችው ከአትላንታ የሚመጣ ነው። ስለዚህ በ1995 አውትካስቶች ኒው ዮርክ ውስጥ ሽልማት ሲቀበሉ ተሰብሳቢው እንደጮኸባቸው፣ ከቡድኑ አባላት አንዱ የሆነው አንድሬም መድረክ ላይ ቆሞ ደቡቡም የሚናገረው ነገር እንዳለው እንደተናገረ አጫወትኩት። አላመነኝም ነበር፤ ቪዲዮውን አሳየሁት። የምሥራቅና የምዕራብ ፀብ የሁሉን ጆሮ በያዘበት ሰዓት የሚቀጥሉት ዓመታት ባለቤቶች በዚያ አዳራሽ ውስጥ ቆመው ይጮኽባቸው ነበር።

ከመለያየታችን በፊት የአምስት ሰዎች ዝርዝር እንድሰጠው ለመነኝ። ቱፓክን፣ ናስን፣ ሎሪንን፣ አውትካስትን ጻፍኩለት፤ አምስተኛዋ ሚሲ ኤሊየት ናት። ቢጊን መተዌ አስገርሞት «ሚሲ ደግሞ ምን አደረገች?» አለ። ሚሲ በ1997 ከአቀናባሪው ቲምባላንድ ጋር በሠራችው አልበም «ሱፓ ዱፓ ፍላይ» ከበሮው የሚዘገይና የሚቆራረጥ፣ በመካከሉ ሰፊ ዝምታ ያለበት ምት አመጣች፤ ለሌሎች ዘፋኞች ጻፈች፣ አቀናበረች፤ በ2023 ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ የገባች የመጀመሪያዋ የሂፕ ሆፕ ሴት ሆነች። እሱ በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማቸው ምቶች ውስጥ የእሷ እጅ የሌለበትን ለይቶ እንዲያመጣልኝ ነግሬዋለሁ።