ተርብ ፍለጋ ወደ ኬኖሻ

ማስታወቂያው አጭር ነበር። «1974 ኤኤምሲ ሆርኔት ስፖርታባውት። ከአንድ ቤት ያልወጣች። ትነሳለች። 4,800 ዶላር። ኬኖሻ፣ ዊስኮንሲን።»

የከተማውን ስም ደግሜ አነበብኩት። ሆርኔት የምትባለው የአሜሪካን ሞተርስ (ኤኤምሲ) መኪና በዋናነት የተገጣጠመችው እኮ እዚያው ኬኖሻ ነው። ይቺኛዋ ከተወለደችበት ከተማ ሳትወጣ ሃምሳ ዓመት ደፍናለች ማለት ይሆናል።

ሆርኔት ማለት ተርብ ነው። ለ1970 ሞዴል ስትወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) መነሻ ዋጋዋ 1,994 ዶላር ነበር። ስለዚያ ዘመን ፎርድና ሼቭሮሌት የሚያወራ ሰው ሞልቷል። ሆርኔትን የሚያስታውስ ግን አሜሪካ ውስጥም ብርቅ ነው። እኔ ደግሞ ይቺን መኪና ስፈልግ ዓመታት ሆነኝ። በተለይ ስፖርታባውቷን፣ ጀርባዋ እንደ ሌሎች የቤተሰብ መኪኖች ቀጥ ብሎ የማይቆመውን፣ ወደ ኋላ ዘመም የሚለውን። በ1972 እና በ1973 የጣሊያኑ ጉቺ ወንበሯንና ጣሪያዋን በአረንጓዴና ቀይ መስመር አስጊጦላት ነበር። እኔ ግን የምመኘው ተራዋን ነው፤ ሠራተኛ ሰው የገዛትን።

ሐሙስ ማታ ደወልኩ። ድምፃቸው ለስለስ ያለ አሮጊት ሴት አነሱ። «ቅዳሜ ጠዋት ና። ቡና አፈላለሁ» አሉኝ።

የምኖረው ሰሜን ቺካጎ፣ ኤጅዋተር ነው፤ ብሮድዌይ ላይ የእኛ ምግብ ቤቶች ያሉበት ሰፈር። ቅዳሜ በጠዋቱ ከሮጀርስ ፓርክ ጣቢያ የሜትራ ባቡር ያዝኩ። እስከ ኬኖሻ የሚዘልቀው ባቡር ጥቂት ስለሆነ ሰዓቱን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። አብዛኛው ዎኪጋን ላይ ይመለሳል። ቦርሳዬ ውስጥ የእጅ ባትሪ፣ በጨርቅ የጠቀለልኩት ማግኔትና ከሥር ለመንጋለል የሚሆን ካርቶን ይዣለሁ። አጎቴ ሶማሌ ተራ አጠገብ ጋራዥ ነበረው። ክረምት ክረምት እዚያ የቮልስ ሞተር ሳጥብ ነው ያደግኩት። መኪና ልታይ ስትሄድ ማግኔት እንደሚያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው።

ኬኖሻ ከጣቢያው እስከ ሐይቁ የምትዞር ትራም አለቻት። አብዛኞቹ ድሮ ቶሮንቶ ያገለገሉ ፉርጎዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በሌላ ከተማ ቀለም ተቀብተዋል። ቀጠሮዬ ገና ስለነበር ተሳፈርኩ። ሃርበርፓርክ ስትደርስ ሚቺጋን ሐይቅ ፊት ለፊት ይዘረጋል። ሣር፣ መኖሪያ ቤቶች፣ ሙዚየም። ሰው ውሻውን ያንሸራሽራል። ይሄ ሁሉ የመኪና ፋብሪካ ነበር። አንድም ጡብ አይታይም። ወርጄ ትንሽ ቆምኩ።

ከተማዋ በመኪና ነው የኖረችው። በ1902 ቶማስ ጄፈሪ ራምብለር የምትባል መኪና እዚህ ማምረት ጀመረ። በ1916 ፋብሪካውን ቻርልስ ናሽ ገዛው። በ1954 ናሽና ሀድሰን ተዋህደው አሜሪካን ሞተርስ ሆኑ። ሆርኔት የሚለው ስምም ከሀድሰን የተወረሰ ነው። ኩባንያው ከዲትሮይት ሦስቱ ግዙፎች (ጄኔራል ሞተርስ፣ ፎርድና ክራይስለር) ጎን ሲቆም ትንሽ ነበር። ለእያንዳንዱ ሞዴል አዲስ ነገር የሚያፈስበት ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ከአንድ ጣቃ ብዙ ልብስ እንደሚያወጣ ልብስ ሰፊ ሠራ። የሆርኔትን ጅራት ቆርጦ ግሬምሊንን አወጣ። በ1978 ያቺኑ ሆርኔት አስውቦ ኮንኮርድ አላት። ከዚያ በኮንኮርድ ላይ ፎር ዊል ገጥሞ ለ1980 ኢግልን አመጣ። እኔ ይሄን ብልሃት ከማንኛውም የቅንጦት መኪና አስበልጬ ነው የማደንቀው።

በ1987 ክራይስለር ኩባንያውን ገዛው። በዓመቱ መጨረሻው መጣ። በታኅሣሥ 1988 ኬኖሻ ውስጥ መኪና መገጣጠም አበቃ፤ ከ5,000 በላይ ሰው ሥራ አጣ። ሞተር የሚሠራው ክፍል ብቻ እስከ 2010 ቆየ።

የሴትዮዋ ቤት ከጣቢያው በስተ ምዕራብ ነው። በር ላይ ጠበቁኝ። ሰማንያውን አልፈዋል፤ ቆመው ግን ቀጥ ያሉ ናቸው። ቡናቸውን ጠጣን። ባለቤታቸው መገጣጠሚያው ላይ በር ይገጥሙ ነበር አሉኝ። «ይቺን መኪና የገዛ ጊዜ በሯን ማን እንደገጠመው ያውቅ ነበር። ጓደኛው ነው።» ሰውየው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል።

ከዚያ ጋራዡን ከፈቱልኝ። ቢጫ ናት፤ የቅቤ ዓይነት ቢጫ። በር መክፈቻዎቿ ከላሜራው ጋር እኩል ተኝተዋል። ሥራ ሳልጀምር ዝም ብዬ ዞርኳት።

ሆርኔት ለብቻው ሻንሲ የላትም። አካሏና ሻንሲዋ አንድ ወጥ ነው፤ ይሄ ናሽ በ1941 የጀመረው አሠራር ነው። ለዚህ ነው ዝገት የሚያስፈራው። ላሜራው ከተበላ መኪናዋን የሚሸከም ሌላ ነገር የለም። በዚህ አገር ደግሞ ክረምት ሲመጣ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ማግኔቱን ጎማ በላይ ባለው ላሜራ ላይ አስኬድኩት። ሁሉም ቦታ ያዘ፤ ዝገት የተሸፈነበት ስቱኮ የለም፣ ስቱኮ ቢሆን ማግኔት አይይዝም ነበር። ካርቶኔን ዘርግቼ ከሥሯ ገባሁ። ወለሉ ደህና ነው። የኋላው ግራ ባሌስትራ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ግን ዝገቱ በጣቴ ስነካው ረገፈ። መጠኑ የመዳፍ ያህል ነው። ይበየዳል፣ ግን ያስወጣል።

ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 3.8 ሊትር ነው። አሜሪካኖች «ኮምፓክት» (አነስተኛ) የሚሏት መኪና ይሄን ያህል ሞተር ትሸከማለች። ዝርያው ጠንካራ ነው። የዚሁ ቤተሰብ ሞተሮች ጂፕ ውስጥ ገብተው እስከ 2006 ተሠርተዋል። ካንዴላዎቹን ፈትቼ አየሁ፤ ቀለማቸው ቡናማ፣ ንጹሕ፤ ጥሩ ምልክት ነው። ማርሿ መሪው ላይ ነው፣ ሦስት ብቻ። ፍሬኗ አራቱም እግር ላይ ታምቡር ነው።

«ቀበቶህን ማሰር አይርሳህ» አሉኝና ሳቁ። የ1974 መኪኖች በሕግ የፊት ቀበቶ ካልታሰረ እንዳይነሱ ተደርገው ነበር የሚሠሩት። ጎን ወንበር ላይ አስቤዛ ብታስቀምጥ እንኳ ሰው መስሏት ቀበቶ ትጠይቅ ነበር። ሕዝቡ አማረረ፤ ምክር ቤቱ ዓመቱ ሳያልቅ ግዴታውን አነሳው። «የዚያን ዕለት ማታ ነው ባለቤቴ ሽቦውን የነቀለው» አሉኝ።

ነዳጁን አንዴ ረግጬ ቁልፉን አዞርኩ። ሁለት ጊዜ አጉረመረመች። በሦስተኛው ተነሳች። ማርሚታዋ ትንሽ ይተነፍሳል። ሞተሯ ግን ሲሞቅ ድምፁ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ልስልስ አለ። እሳቸውን ጎኔ አስቀምጬ በሸሪዳን መንገድ ሐይቁን ይዘን ወደ ደቡብ ነዳን። መሪው ሲቆም ይከብዳል፣ ሲሄድ ይቀላል። ፍሪሲዮኑ ከፍ ብሎ ነው የሚይዘው። አንድ የነዳጅ ማደያ ጋ አንድ ሽማግሌ እጁን አውለበለበ። እሳቸውም መለሱለት። «የምታውቁት ነው?» አልኳቸው። «አይ፣ መኪናዋን ነው የሚያውቃት» አሉኝ።

ስንመለስ ዝገቱን ነገርኳቸው። ደብቄ ዋጋ ለመጣል አልፈለግኩም፣ አሳየኋቸውም። ለብየዳ የሚፈጀውን አሰብንና በ4,200 ተስማማን። 500 ዶላር ቀብድ ሰጠሁ። ወንበሯ ሥር ያለውን የመመሪያ መጽሐፍ አውጥተው ሰጡኝ። ውስጡ ዘይት የተቀየረበት ቀን ሁሉ በእርሳስ ተጽፏል። የመጨረሻዎቹ ሦስት መስመሮች ፊደላቸው ሌላ ነው። እሳቸው ናቸው የጻፏቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተጎታች ከሚነዳ ጓደኛዬ ጋር ተመለስኩ። ቀሪውን ከፈልኩ፣ ባለቤትነቱን ፈርመው አስረከቡኝ። ዊስኮንሲን ውስጥ መኪና ሲሸጥ ታርጋው ከሻጩ ጋር ነው የሚቀረው። ስለዚህ መፍቻ አውጥቼ ጎንበስ አልኩ። የግራው ብሎን ዝጎ እምቢ አለኝ። ዘይት ጠብ አድርጌ ጠበቅኩ። እሳቸው አጠገቤ ቆመው ነበር። ሲላቀቅ ታርጋውን ተቀበሉኝ፣ በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ወደ ቤት ይዘውት ገቡ።