ለመስቀል አገር ቤት፦ በሬው ቀድሞ፣ ሰው ኋላ

አዲስ አበባ የሚኖር ጉራጌ መስቀልን አገር ቤት ስለማክበር ማሰብ የሚጀምረው መስከረም ሲጠባ ከሆነ ዘግይቷል። ጣጣው ያለው ከመንገዱ ይልቅ በሬው ላይ ነው። ከተሜው ሁሉ ገንዘቡን ይዞ በአንድ ሳምንት ስለሚገባ የከብት ዋጋ ከእንቁጣጣሽ ወዲህ በየገበያው ቀን ይወጣል። የቅርጫው ድርሻ ጳጉሜን ሳትገባ ይላክ። ገዢውም እዚያው ያለ ዘመድ ይሁን፤ ከተሜው ራሱ ገበያ ከወጣ ነጋዴው ጫማውን አይቶ ነው ዋጋ የሚጠራው።

የቅርጫው አባላት ቁጥርም ቀድሞ ይቆረጥ። መደብ ሲደለደል ከሽንጡም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም ለሁሉም እንዲደርስ ተደርጎ ነው። ከታረደ በኋላ «እኔም ልግባ» የሚል አንድ ሰው ሁሉንም መደብ ያስፈርሳል።

ወልቂጤ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አድርጎ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ከአየር ጤና ይነሳል። በዓሉ ሲቃረብ ግን ሰልፉ ከጉዞው ሊረዝም ስለሚችል እስከ መስከረም 12 ወይም 13 መንቀሳቀስ ይሻላል፣ ያውም በጠዋት። ሳይመሽ መድረስ ያስፈልጋል፤ የመንገዱንም ሰላም ከመነሳት በፊት የመስመሩን ሹፌሮች መጠየቅ ነው። ከዋናው አስፋልት ወደ ቀበሌ የሚገባው ጥርጊያ በዚያ ሰሞን ገና ክረምት ላይ ነው፤ የመጨረሻው ጉዞ በሞተር ወይም በእግር ሊሆን ይችላል። ቦቲ ጫማና በጀርባ የሚታዘል ሻንጣ ይበቃል። ለቤት የሚወሰደው ቡና፣ ስኳርና የልጆች ልብስ ነው። ቅቤ ከከተማ ገዝቶ መሄድ ግን ነውር ባይባልም ያስቃል፤ እናቶች ለዚህ ቀን ብለው ወራት ሲያጠራቅሙ ከርመዋል።

በብዙው የጉራጌ አገር መስከረም 14 የጎመን ክትፎ ነው፤ እርዱ በማግሥቱ በ15 ይሆናል። ጎመኑ ከተቀቀለ በኋላ ውሃው በደንብ ካልተጨመቀ ቅቤው አይይዘውም፣ ውሃው ሳህኑ ሥር ያቁራል። 15 ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ የሚጾመው ቤት ሥጋውን አይነካም፤ እንግዳ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ይሻለዋል። ሙስሊም ጓደኛ ከተጋበዘ ደግሞ እርዱ፣ ቢላውና ድስቱ ለብቻ መሆን አለበት፤ በግ ቀድሞ ማዘዝ ነው።

ወደ ክትፎው። ገና የታረደ ሥጋ ሙቀቱ ሳይወጣ አይከተፍም፤ ቢላ ላይ ይለጠፋል። ጥቂት ሰዓት ተሰቅሎ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ስቡና ጅማቱ በሙሉ ይወገድና በቢላ ይከተፋል። ማሽን ሥጋውን ያደቀዋል፣ ጅማቱንም ቀላቅሎ ያሳልፈዋል፤ ቸኩለው የሚፈጩ ቤቶች ክትፎ ሳይሆን ሊጥ ነው የሚያቀርቡት። ለአንድ ኪሎ ቀይ ሥጋ ሩብ ኪሎ ንጥር ቅቤ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሚጥሚጣ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ መነሻ ይሁን። ጨው ግን ሚጥሚጣው ከተቀመሰ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሲፈጭ ገብቶበታል።

የሚበላሸው ቅቤው ላይ ነው። ከኮሰረትና ከኮረሪማ ጋር በቀስታ ይነጠራል፤ እሳት ከበዛበት ይመራል፣ ውሃው ሳይጨርስ ከወረደ ቶሎ ይበላሻል። ሲለወስ ጣት የሚችለው ሙቀት ይበቃዋል። ከፈላ ሥጋውን ያነጣዋል፤ ከቀዘቀዘ ደግሞ ይረጋና ላንቃ ላይ ይቀራል። ደጋ ላይ የመስከረም ጠዋት ስለሚበርድ ጣባው በሙቅ ውሃ ተለቅልቆ ይደርቅ፤ አለበለዚያ ደህና የተለወሰው ክትፎ ጣባው ላይ ይረጋል። ቆጮውም ቃጫው በደንብ ተከትፎ፣ ውሃው ተጨምቆ፣ በስሱ ይጋገር፤ ውሃ የያዘ ሊጥ ምጣድ ላይ ይሰባበራል።

መንደር ውስጥ የሚታረድ በሬ የቄራ ሐኪም አያየውም። ኮሶ የሚተላለፈው በጥሬ ሥጋ ነው፤ ለብለብም ሁልጊዜ አያስጥልም። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ሙሉ በሙሉ ይብሰል፤ ማንም ቅር አይለውም።

ቤት ለቤት ሲዞር የመጀመሪያው ቤት ላይ የጠገበ ሰው አራተኛው ላይ ያፍራል። በየቤቱ ሁለት ሦስት ጉርሻ በቂ ነው፤ ጨርሶ አለመቅመስ ግን ያስቀይማል። የሽማግሌዎች ምርቃት ሳያልቅ ሰዓት ማየትም እንዲሁ።

መመለሻው ከተቻለ ከሕዝቡ አንድ ሁለት ቀን ዘግይቶ ይሁን። ጥሬ ሥጋ አይጫን። ቆጮው ሳይጋገር፣ ሊጡ በኮባ ተጠቅልሎ ከሄደ ችግር የለበትም። ቅቤው ተነጥሮ፣ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞና ረግቶ ክዳኑ ይጠበቅ፤ በትኩሱ የተዘጋ ዕቃ ውስጡ ያልበዋል፣ ያ ውሃም ቅቤውን ያሻግተዋል።